ባሌስትራ ሲጨመር አብሮ የማይጨመረው፦ የፒክአፕ የኋላ ሸክም ሳይንስ

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በአውሮፓ የምህንድስና ትምህርቴን በምከታተልበት ጊዜ፣ አንድ እሑድ ማለዳ አጎቴ ከምሥራቅ ጎጃም ደወሉልኝ። አጎቴ በቢቸና አካባቢ እህል የሚነግዱ ሰው ናቸው። ዱባይ የምትሠራው ልጃቸው ለዓመታት ባጠራቀመችው ገንዘብ ያገለገለች ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ገዝታላቸው፣ ጤፍ እየጫኑ አዲስ አበባ ድረስ ይመላለሱባት ነበር።

«አንተ መሐንዲስ አይደለህ? እስቲ ንገረኝ» አሉኝ ከሰላምታው በኋላ። «መኪናዋ ጤፍ ስጭንባት ኋላዋ መሬት ሊነካ ይደርስ ነበር፤ አፍንጫዋ ደግሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። ጋራዥ ወሰድኋትና በግራም በቀኝም ባሌስትራ ተጨመረላት። አሁን ቀጥ ብላ ትቆማለች። ባለፈው ሳምንት ግን 14 ኩንታል ጭኜ ዓባይን ስወርድ ፍሬኗ ሸተተኝ፤ ፔዳሉም ወደ ታች እየሰጠመ ሄደ። ድንጋይ አስደግፈን እስኪቀዘቅዝ ቆምን እንጂ ሌላ ታሪክ ነበር የምትሰማው።»

«ጋሼ፣ እንኳን ተረፉ» አልኋቸው። «ጉዳዩ ግን የፍሬን ብቻ አይመስለኝም።»

የአጎቴ ጥያቄ የእርሳቸው ብቻ አይደለም። በአሜሪካ በፒክአፕ የቤት ዕቃ የሚያጓጉዝ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለግንባታ ሥራ መሣሪያ የሚያመላልስ፣ ወይም አገር ቤት ላሉ ቤተሰቦቹ መኪና ገዝቶ የላከ ወገን ሁሉ ውሎ አድሮ ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ የኋላው ሲጎብጥ ማጠንከር ይበቃል ወይ? መልሱን ለማግኘት በመጀመሪያ ባሌስትራው ምን እንደሚሠራ፣ ከዚያም ምን እንደማይሠራ መለየት ያስፈልጋል።

የሰረገላ ዘመን ቅርስ

ባሌስትራ አዲስ ፈጠራ አይደለም። እንግሊዛዊው የሰረገላ ሠሪ ኦባዳያ ኤሊዮት፣ ቀስት መሰል የብረት ንጣፎችን አስተባብሮ ሰረገላን የሚሸከም አሠራር በፈጠራ መብት ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1804 ነበር። ከሁለት መቶ ዓመታት በኋላም አብዛኞቹ የጭነት ፒክአፖች፣ ሃይሉክስን ጨምሮ፣ የኋላ አክስላቸውን በዚሁ ዘዴ ያንጠለጥላሉ። እንደ አንዳንድ የኒሳን ናቫራ ደብል ጋቢና ሞዴሎችና እንደ አሜሪካው ራም 1500 ያሉት በጥምዝ ሞላ የሚሠሩ ቢሆኑም ቁጥራቸው አነስተኛ ነው።

ባሌስትራ ዘመን የተሻገረበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሞላ ሸክምን ብቻ ሲሸከም፣ ባሌስትራ አክስሉንም ከቦታው እንዳይንሸራተት ይይዛል። ንጣፎቹ እርስ በርስ ሲፋተጉም ንዝረትን በመጠኑ ያበርዳሉ። ከሁሉም በላይ ግን ሸክሙን ከሻንሲው ጋር በሚያያዝባቸው ሁለት ጫፎች፣ ከአክስሉ በፊትና በኋላ፣ ለሁለት ከፍሎ ያስተላልፋል። ይህች ሦስተኛዋ ጠባይ ብዙ ጊዜ ትዘነጋለች፤ ወደ ኋላ እንመለስባታለን።

ብረቱ ምን ያህል ይጠነክራል?

የባሌስትራን ግትርነት ከሚወስኑት ነገሮች መካከል ሦስቱ የንጣፎቹ ብዛት፣ ስፋታቸውና ውፍረታቸው ናቸው። ብዛትና ስፋት ግትርነቱን በቀጥታ ያሳድጋሉ። አራት እኩል ንጣፎች ባሉት ባሌስትራ ላይ አምስተኛ እኩያ ቢጨመር ግትርነቱ በ25 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ውፍረት ግን በሦስት ጊዜ ብዜት ይሠራል። 8 ሚሊ ሜትር የነበረው ንጣፍ ሁሉ በ9 ሚሊ ሜትር ቢተካ ግትርነቱ በ42 በመቶ ያድጋል። ለዓይን የማትታይ አንዲት ሚሊ ሜትር የመኪናዋን ጠባይ የምትለውጠው በዚህ ምክንያት ነው። ጋራዥ ውስጥ ከሌላ መኪና የተገኘ ንጣፍ ውፍረቱ ሳይለካ ሲጨመርም ባለንብረቱ ምን እንደገዛ አያውቅም።

ለስሌት እንዲቀለን የሚከተሉትን ቁጥሮች እንውሰድ። የአንዲት ፒክአፕ ሁለቱ የኋላ ባሌስትራዎች በአንድነት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር የ120 ኒውተን ግትርነት አላቸው እንበል። በኋላ አክስል ላይ 700 ኪሎ ግራም ቢያርፍ ኋላዋ ወደ 57 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል። ግትርነቱን በግማሽ አሳድገን 180 ብናደርሰው፣ ያው ሸክም የሚያጎብጣት 38 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ለዓይን ትልቅ መሻሻል ነው፤ ሸክሙ ግን አንድ ኪሎ ግራም አልቀነሰም። ጎማው፣ ኩሽኔታው፣ አክስሉና ፍሬኑ የሚያውቁት ያንኑ 700 ኪሎ ግራም ነው።

ባዶ ስትሄድስ? በባሌስትራዎቹ ላይ የሚያርፈው የመኪናዋ የራሷ የኋላ ክብደት 550 ኪሎ ግራም ከሆነ፣ በቀድሞው ባሌስትራ በሰከንድ 2.4 ጊዜ ያህል ትናጣለች፤ በተጠናከረው ደግሞ ወደ 2.9 ጊዜ። በኮረኮንች መንገድ ላይ ልዩነቱ ወገብ ላይ ይሰማል። ከወገብ ሕመም የሚብሰው ግን የኋላ ጎማ ከመሬት ጋር ያለው ቁርኝት መላላቱ ነው። ጎማው ጉብታውን ተከትሎ በመውረድ ፋንታ ስለሚዘል፣ ባዶዋ መኪና በጠጠር ኩርባ ላይ ኋላዋ ይንሸራተታል። በሳምንት አንድ ቀን የሚጭንና ስድስት ቀን ባዶውን የሚሄድ ሰው ለአንዷ ቀን ሲል ስድስቱን ቀን አደጋ ውስጥ ይከታል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አሞርዛተርም ይነሳል። ባሌስትራው ሸክሙን ሲሸከም፣ አሞርዛተሩ የመናጡን ኃይል ወደ ሙቀት ለውጦ ያበርዳል። ለባዶ መኪና ልክ የሆነ አሞርዛተር፣ ጭነትና ግትርነት በአንድነት ሲጨምሩ ያንሳል። ከላይ ባስቀመጥነው ምሳሌ፣ በተጠናከረው ባሌስትራ 700 ኪሎ ግራም ስትጭን መኪናዋ የሚያስፈልጋት የማብረድ ኃይል በቀድሞው ባሌስትራ ባዶዋን ከሚያስፈልጋት 1.8 እጥፍ ያህል ነው። ባሌስትራ አስጨምሮ አሞርዛተሩን እንደነበረ የተወ ሰው፣ ከጉብታ በኋላ ቶሎ የማትረጋ መኪና አበጀ።

አራት መንገዶች፣ አራት ዋጋዎች

በገበያ ላይ ያሉት የማጠናከሪያ ዘዴዎች በአራት ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ንጣፍ መጨመር ወይም ባሌስትራውን በሙሉ በከባድ መተካት ነው። ሁልጊዜ ለሚጭን ሰው ይህ ከሁሉ የተረጋጋ ምርጫ ነው። በተለይ ከሥር ያለው ወፍራም ንጣፍ ጭነት ሲበዛ ብቻ የሚነካበት ባለሁለት ደረጃ አሠራር ባዶም ሙሉም ሲሆን ያስማማል። በአገራችን ጋራዦች የተለመደው ግን የደከመውን ባሌስትራ በመዶሻ ወይም በእሳት እንደገና ማጉበጥ ነው። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ውስጥ በልክ ሞቆ፣ ወዲያው ቀዝቅዞና እንደገና በመጠኑ ሞቆ ነው። ልኩ በማይታወቅ እሳት ሲነካ ያን ጠባዩን ያጣል፤ ወይ ቶሎ ይለሰልሳል፣ ወይ ይሰነጠቃል።

ሁለተኛው የአየር ከረጢት ነው። ከጎማ የተሠራው ከረጢት በአክስሉና በሻንሲው መካከል ይቀመጥና ጭነት ሲኖር አየር ይሞላል፤ ሲራገፍ ይቀነሳል። ለባዶም ለሙሉም የሚመች መሆኑ ትልቅ ብልጫው ነው። ሆኖም የግራውና የቀኙ ከረጢት የአየር ቱቦ የተለያየ ሊሆን ይገባል። በአንድ ቱቦ ከተገናኙ በኩርባ ላይ የተጫነው ከረጢት አየሩን ወደ ሌላው ይገፋዋል፤ መኪናዋም ይበልጥ ታዘነብላለች። ባዶ ሲሆንም አምራቹ የወሰነው አነስተኛ ግፊት መጠበቅ አለበት፤ ያለዚያ ከረጢቱ ተጣጥፎ ይቀደዳል።

ሦስተኛው፣ አክስሉ ከሻንሲው ጋር እንዳይጋጭ በፋብሪካ የተቀመጠችውን ትንሽ የጎማ ትራስ በትልቅና በተለጣጭ የጎማ ምንጭ መተካት ነው። ርካሽና ጥገና የማይፈልግ ነው። ጭነት ሲበዛ ብቻ ስለሚነካ ባዶዋን መኪና እምብዛም አያስቸግርም።

አራተኛው በባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ሞላ ወይም ረዳት ብረት ማሰር ነው። ለመግጠም ቀላል ቢሆንም ጭንቀቱን በባሌስትራው ላይ በአንድ ነጥብ ስለሚያከማች በጥንቃቄ መመረጥ አለበት።

ቀደም ሲል «እንመለስባታለን» ያልናት የባሌስትራ ሦስተኛ ጠባይ አሁን ትመጣለች። ባሌስትራ ሸክሙን በሁለት ጫፍ ከፍሎ ለሻንሲው ሲያስተላልፍ፣ የአየር ከረጢትም ሆነ የጎማ ምንጭ በአብዛኛው ከአክስሉ በላይ ባለች አንዲት ነጥብ ይገፋል። ጭነቱ ከአክስሉ በስተኋላ ርቆ ሲንጠለጠል፣ ሻንሲው ከመካከሉ ወደ ላይ እየተገፋ ከጫፉ ወደ ታች ይጎተታል። በአውስትራሊያ ከባድ ተጎታች የመኖሪያ ካራቫን እየሳቡ በበረሃ መንገድ የሚጓዙ ደብል ጋቢና ፒክአፖች ሻንሲያቸው ከጋቢናው በስተጀርባ ጎብጦ የተገኘበት አጋጣሚ ብዙ ነው። በዚያ አገር መሐንዲሶች የአየር ከረጢትን ሲያነሱ ይህን ማስጠንቀቂያ የሚያስቀድሙት ስለዚህ ነው። ጥፋቱ የከረጢቱ ብቻ አይደለም፤ ከልክ ያለፈ ጭነት፣ ሩቅ የተንጠለጠለ ክብደትና አስቸጋሪ መንገድ ሲገናኙ የሚደርስ ነው።

ጭነቱ የት ነው ያረፈው?

ስንት ኪሎ እንደተጫነ ብቻ ሳይሆን የት እንደተቀመጠም ወሳኝ ነው። የደብል ጋቢና ሃይሉክስ የፊትና የኋላ አክስል ርቀት 3,085 ሚሊ ሜትር ነው። ከኋላ አክስል 1.2 ሜትር ርቆ በሚገኝ መንጠቆ ላይ 200 ኪሎ ግራም ቢያርፍ፣ እንደ ማንሻ ስለሚሠራ በኋላ አክስል ላይ የሚጨመረው 200 ሳይሆን 278 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ትርፉ 78 ከየት መጣ? ከፊት ጎማዎች ተነሥቶ ነው። የፊት ጎማዎች ክብደት ሲያጡ መሪው ይቀላል፣ የፊት ፍሬን የሚይዘው መሬት ያንሳል፣ የፊት መብራቱም ወደ ላይ ቀና ብሎ ከፊት የሚመጣውን ሾፌር ያሳውራል።

ኋላዋን በባሌስትራ ማቃናት መብራቱን ያስተካክል ይሆናል። ከፊት ጎማ የሸሸውን ክብደት ግን አይመልስም። ክብደቱን የሚመልሰው ጭነቱን ወደ ጋቢናው ማስጠጋት ነው፤ ለዚህም የሚከፈል የጋራዥ ሒሳብ የለም።

የተረሳችው ዘንግ

አሁን ወደ አጎቴ ፍሬን እንመለስ። በብዙ ሃይሉክሶች ሥር፣ በተለይም በቀደሙት ሞዴሎች፣ ከኋላ አክስል ተነሥታ በሻንሲው ላይ ካለ አንድ ቫልቭ ጋር የምትገናኝ ቀጭን ዘንግ አለች። ሥራዋ በአክስሉና በሻንሲው መካከል ያለውን ርቀት መለካት ነው። ርቀቱ ሰፊ ከሆነ ቫልቩ «መኪናዋ ባዶ ናት» ይልና፣ የኋላ ጎማዎች ቀድመው እንዳይቆለፉ ወደ ኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ይቀንሳል። መኪናዋ ተጭና ኋላዋ ዝቅ ሲል ደግሞ ግፊቱን ይለቃል። ኤሌክትሮኒክስ ሥራውን እስኪወስድበት ድረስ ይህ ብልህ የሜካኒክስ መፍትሔ ነበር።

ችግሩ ዘንጓ የምትለካው ርቀትን እንጂ ክብደትን አለመሆኑ ነው። በቀደመው ምሳሌ 700 ኪሎ ግራም የምታህለው የ57 ሚሊ ሜትር መጉበጥ፣ በተጠናከረው ባሌስትራ 38 ሚሊ ሜትር ሆናለች። ቫልቩ ይህን የሚያነበው ወደ 467 ኪሎ ግራም አድርጎ ነው። የተጨመረው ንጣፍ ኋላዋን በ30 ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጎት ከሆነማ፣ የቀረችው 8 ሚሊ ሜትር ለቫልቩ የምትነግረው «100 ኪሎ ግራም ያህል ነው የተጫነው» ብላ ነው። ከባድ ጭነት ይዛ ቁልቁል የምትወርድ መኪና፣ የኋላ ፍሬኗ ባዶ እንደሆነች ተቆጥሮ ይታፈናል፤ የሥራው ድርሻም ወደ ፊት ፍሬን ይሸሻል።

አጎቴ ሽታው ከየትኛው ጎማ እንደመጣ ስጠይቃቸው «ከፊቶቹ» አሉኝ። በማግሥቱ ሌላ መካኒክ ገብቶ ሲያይ፣ ዘንጓ ባሌስትራው ከመጨመሩ በፊት በነበረችበት ልክ ተቀምጣ አገኛት። ማንም አልነካትም ነበር። ባሌስትራ ሲቀየር ይህቺን ዘንግ እንደ አምራቹ መመሪያ እንደገና ማስተካከል ግዴታ ነው። መኪናዋ ዘንግ የሌላት፣ ፍሬኗም በኤሌክትሮኒክስ የሚከፋፈል ከሆነ ግን ይህ ሥራ የለም።

ዓባይ በረሃ በሒሳብ

ይሁን እንጂ ዘንጓ ብትስተካከልም የሒሳቡ ግማሽ ገና ይቀራል። 3,000 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ስትሄድ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ለማቆም፣ ፍሬኑ 740 ኪሎ ጁል ገደማ ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደው ቁልቁለት ደግሞ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ነው። አንድ ሺህ ሜትሩን ብቻ ብንይዝ፣ ያቺው መኪና ከከፍታ ወደ ሸለቆ ስትወርድ 29,400 ኪሎ ጁል ትለቃለች። ይህም ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 40 ጊዜ ሙሉ በሙሉ እንደመቆም ነው።

ከዚህ ጉልበት ከፊሉን ነፋስና ሞተር ይወስዱታል። ነባር ሾፌሮች «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ከባድ ማርሽ የሙቀቱን ድርሻ ከፍሬን ላይ ወደ ሞተሩ ያሸጋግራል። የቀረው ሁሉ በፍሬን ሸራው፣ በዲስኩና በታምቡሩ ላይ ያርፋል። ሸራው ከልኩ በላይ ሲግል የመያዝ አቅሙ ይቀንሳል። ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ሲደርስ፣ በተለይ ዘይቱ አርጅቶ ከአየር እርጥበት የጠጣ ከሆነ፣ ይፈላል። የፈላ ዘይት እንፋሎት ይፈጥራል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይገፋም፣ ይጨመቃል። አጎቴ «ፔዳሉ ወደ ታች እየሰጠመ ሄደ» ያሉት ይህንኑ ነው።

ልክን ከወረቀት ማንበብ

ታዲያ ስንት መጫን ይቻላል? ስሌቱ ቀላል ነው፦ አምራቹ ከፈቀደው ጠቅላላ ክብደት ላይ የመኪናዋን የራሷን ክብደት መቀነስ ነው። ለምሳሌ ጠቅላላው 3,000፣ የራሷ ክብደት 2,050 ኪሎ ግራም የሆነች ደብል ጋቢና 950 ኪሎ ግራም ይቀራታል። ከዚህ ላይ የሾፌሩና የረዳቱ 140፣ ከፊት የተገጠመው የብረት መከላከያና የኋላው መሸፈኛ 80 ሲቀነስ 730 ይሆናል። ይህ 7 ኩንታል ጤፍ ነው። አጎቴ የጫኑት 14 ነበር። ኋላዋ ባሌስትራ ሳይጨመርላት መሬት ሊነካ መድረሱ ጉድለት ሳይሆን ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ጋራዡ ማስጠንቀቂያውን አጠፋው እንጂ ምክንያቱን አላስወገደውም።

በአሜሪካ የምትኖሩ አንባብያን ይህን ቁጥር በሾፌሩ በር ደፍ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ታገኙታላችሁ። የተሳፋሪውና የጭነቱ ድምር ክብደት ሊያልፈው የማይገባው ልክ በኪሎ ግራምና በፓውንድ ተጽፏል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የመኪናው መታወቂያ ደብተር ላይ «ኤፍ» በሚለው ፊደል ሥር የተፈቀደው ጠቅላላ ክብደት፣ «ጂ» በሚለው ሥር ደግሞ የራሱ ክብደት ይገኛል። በተለመደው የ«ቢ» መንጃ ፈቃድ የሚነዳ መኪና ጠቅላላ ክብደት 3,500 ኪሎ ግራም መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። አገር ቤት ደግሞ ሊብሬው ላይ የሰፈረውን የጭነት ልክና የአምራቹን ሰሌዳ ማመሳከር ነው።

ባሌስትራ መጨመር በራሱ ይህን ቁጥር አያሳድገውም። በአውስትራሊያ ጠቅላላውን ክብደት በሕጋዊ መንገድ ከፍ ማስደረግ ይቻላል፤ ይሁንና የሚጸድቀው ባሌስትራው ብቻ ታይቶ ሳይሆን ፍሬኑ፣ ጎማውና አክስሉ ለአዲሱ ክብደት ብቁ መሆናቸው በባለሙያ ተረጋግጦ ነው። የሕጉ መንፈስ ከፊዚክሱ ጋር አንድ ነው፤ አቅም የሚለካው በደካማው ክፍል እንጂ በጠንካራው አይደለም። ጎማን ብንወስድ፣ በጎኑ ላይ 112 የሚል የጭነት መለያ ያለበት ጎማ የሚሸከመው 1,120 ኪሎ ግራም ነው፤ 108 የሚለው ደግሞ 1,000። ባሌስትራው የፈለገውን ያህል ቢጠነክር ጎማው ከዚህ አያልፍም።

ከጋራዥ በፊት፣ በጋራዥና ከጋራዥ በኋላ

ይህ ሁሉ ሲባል የኋላን ማጠናከር ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ጭነቱ በተፈቀደው ልክ ውስጥ ሆኖ ሳለ መኪናዋ የምትጎብጥ፣ የምትናጥና በኩርባ ላይ የምታዘነብል ከሆነ ማጠናከሩ ተገቢና ጠቃሚ ነው። በዚህ ቅደም ተከተል ቢኬድ ግን ገንዘብም ነፍስም ይተርፋል።

አስቀድሞ መኪናዋን እንደተጫነች በሚዛን ጣቢያ ማስመዘን፤ ከተቻለም የፊትና የኋላ አክስልን ለየብቻ። ከተፈቀደው በላይ ከሆነ መፍትሔው ጭነት መቀነስ ወይም ሌላ መኪና እንጂ ባሌስትራ አይደለም።

ቀጥሎ ያለው ባሌስትራ በዕድሜ ደክሞ እንደሆነ ማየት። የተሰነጠቀ ንጣፍና ያለቀ የጎማ ቡሽ መተካት ብቻውን ችግሩን ሊፈታው ይችላል።

ከዚያ ሁልጊዜ የሚጫነውን ክብደት ማወቅ። ጭነቱ የማይለዋወጥ ከሆነ ባሌስትራ፣ የሚለዋወጥ ከሆነ ባለሁለት ደረጃ ባሌስትራ፣ የጎማ ምንጭ ወይም የአየር ከረጢት ይመረጣል። አሞርዛተሩም አብሮ ይታሰባል።

በሚገጠምበት ጊዜ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት በ«ዩ» ቅርጽ የታጠፉ ቡሎኖች በአዲስ ይተኩ፤ አንድ ጊዜ በኃይል ተጠብቀው የተለጠጡ በመሆናቸው እንደገና ማሰር አያስተማምንም። ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላም እንደገና ይጠበቁ።

በመጨረሻም የፍሬን ዘንጓ ትስተካከል፣ የፍሬን ዘይቱ ይታደስ፣ የፊት መብራቱ ከፍታ ይታይ። ከጋራዥ ከመውጣትዎ በፊት «ዘንጓን አስተካከላችኋት?» ብለው ይጠይቁ። ጥያቄው ካስገረማቸው ሥራው አላለቀም ማለት ነው።

ሁለት ጉዞ

አጎቴ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ከሰሙኝ በኋላ ዝም አሉ። ከዚያም፣ «እሺ፣ ሰባት ሰባት አድርጌ ሁለት ጊዜ ልመላለስ ነው የምትለኝ። ነዳጁን ማን ይከፍለዋል?» አሉኝ።

ጥያቄው ቀልድ አልነበረም። ለአንድ ገጠር ነጋዴ ሁለተኛው ጉዞ የሳምንቱን ትርፍ ሊበላ ይችላል፤ የምህንድስና መጽሐፍም ለዚህ መልስ የለውም። ነገሩ የሚመዘነው በሌላ ሚዛን ነው። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ፣ የጎበጠ ሻንሲ፣ የፈነዳ ጎማና ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሕይወት በአንድ ወገን፣ የአንድ ቀን ነዳጅ በሌላ ወገን። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላል የአገራችን ሰው፤ ዓባይ በረሃ ውስጥ የፈሰሰ ጤፍ ግን አይለቀምም።

«ጋሼ፣ ሁለቱን ጉዞ ለመክፈል የሚያበቃ ዋጋ ካልተገኘ፣ ትርፉን በአይሱዙ ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ተጋርተው ይላኩት» አልኋቸው። ወደዱትም አልወደዱትም፣ ከዚያ ወዲህ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። በየወገኑ ከተጨመሩት ንጣፎች አንዱን አስወጥተው፣ ዘንጓን አስተካክለው፣ ዘይቱን ቀይረው፣ ሰባት ኩንታል እየጫኑ ይሄዳሉ፤ የሚተርፈውን በትልቁ መኪና ይልኩታል። ኋላዋ አሁንም ትንሽ ትጎብጣለች፤ እርሳቸውም «ስትጎብጥ ልኳን ነገረችኝ» ይላሉ።

መኪናዋን የገዛችው ልጃቸው በየሳምንቱ ከዱባይ ስትደውል መኪናዋ እንዴት እንደሆነች ትጠይቃቸዋለች። «ደህና ናት» ይሏታል። ስለዚያ ቀን የፍሬን ሽታ ግን እስከ ዛሬ አልነገሯትም።